የገመዱ ርግበት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልክ በአሥር ሰዓት
እንሰበሰባለን፣ አንዴ አምስት ሆነን፣ አንዴም ደግሞ ሰባት፤
ቺያቱራ፣ ከገደሉ ሥር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ጡረተኛ ሁሉ ዓለም ሊፈጥር፣ በኮምፒውተር ፊት።

አስተማሪው ላሻ ነው፣ ጢሙ ገና ያላጠቆረ፤
"ቀላል ነው" ብሎ ጀመረ።
"ሰማይ ከፈለጋችሁ አለ፤ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ፤
ዛፉን ከመደርደሪያው ጎትታችሁ፣ ካሻችሁ ቦታ አስቀምጡ፤
ከተሳሳታችሁም፣ ይቺ ወደ ኋላ የታጠፈች ቀስት
ትመልሳችኋለች፣ ወደ ቅድመ ስሕተት።"

እኔ ፖስታ ሳድል ያረጀሁት፣ በአራት ማክሰኞ ድካም
አንዲት ወንበር ሠራሁ። መነጽሩን አጥልቄ ልቀመጥ ብል፣ ወለል የለም፤
ሰመጥኩ፣ ከምድር በታች፣ መጨረሻ በሌለው ግራጫ።
"ወለሉን ጠጣር ሁን አላልከውም፤ ሥለኸዋል ብቻ"
አለኝ ላሻ፣ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ እየሳቀ።
ለካ እዚያ አገር ድንጋይ እንኳ፣
ድንጋይ መሆኑን ካልነገሩት፣ መች አወቀ!

የኢንጋ ድመት ደግሞ፣ ከቁጥሯ ላይ አንዲት ነጥብ ተረስታ፣
ሠላሳ ሜትር ሆና አደረች፣ ድልድዩ ላይ ተዘርግታ።
እንድታሳንሳት ብንለምናት፣ "ተዉአት፤ ደልቷታል" አለች፤
እስከ ዛሬም እዚያው ናት፣ ጅራቷ ወንዙን ነክቶ፣ እንደተኛች።

ናዚብሮላ ግን ሌላ ናት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሸለቆው ወለል እስከ ማዕድኑ አናት፣
በተንጠለጠለ የብረት ሳጥን ሰው ስታወጣ፣ ሰው ስታወርድ፣
ነፋስን በጫማዋ ሶል የምታውቅ፣ ገና ሳይደርስ ከገመድ።
ማውሷን እንደ ፍሬን ጨብጣ፣ ተራራውን ከዚያ፣ ወንዙን ከዚህ አኖረች፤
ሁለት ጣቢያ፣ ሁለት ምሰሶ። ጫፍና ጫፉን ነካች፣
መሣሪያውም መስመር አሰመረ፣
ቀጥ ያለ፣ እንደ ወታደር የተገተረ።

"ይህ ገመድ አይደለም" አለች፣ መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፍታ።
"ገመድ ሸክሙን ያውቃል። ሰው ሲሳፈር ይወርዳል ሆዱ፤
መኻል ሸለቆ ላይ ይረግባል፤ ያን ጊዜ ነው ወሬኛው ሁሉ
ዝም የሚል፣ የሚጸልይ በሆዱ።"

ላሻ ፈለገ። ከላይ እስከ ታች ዝርዝሩን ገለባበጠ።
"ማርገቢያ የሚል ቁልፍ የለም፤ ለጀማሪ ይከብዳል ብለው ይሆናል" ብሎ ተቀመጠ።
"ጀማሪስ ነኝ" አለች፣ "በዚህ በእናንተ ቁልፍ።
በገመድ ግን አይደለሁም።"
ያን ሌሊት የወሰዳት አይመስለኝም እንቅልፍ።

መስመሩን ሃያ አራት ቦታ ቆረጠችው።
እያንዳንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ ጥቂት ዝቅ፣
ከመኻል ወዲያ ጥቂት ከፍ፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሳሳት፣
ያቺን የታጠፈች ቀስት ስንቴ እንደነካካቻት!
በሕይወትም እንዲህ ያለ ቀስት ቢኖር ኖሮ፣ አልልም፤
ሁሉም ብሎታል፤ ናዚብሮላም እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም።

በአራተኛው ማክሰኞ ገመዱ ረገበ፤
እስከ ጆሮዋ ወጥቶ የከረመው ትከሻዋም፣ አብሮት ረገበ።

ለሙከራ ቫዣን ጠራነው፣ ማንጋኒዝ ሲቆፍር የኖረ፣
"የልጅ ጨዋታ ነው" እያለ፣ መነጽሩን እያማረረ ያሠረ።
ላሻ ሳጥኑን ሂድ አለው። ቫዣ ከመጻሕፍቱ መኻል ቆሟል፤
ለእኛ የሚታየን ሽበቱና ካልሲው ነው፤ ጫማውን አውልቋል።
ታዲያ መኻል ሸለቆ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጉልበቱ ታጠፈ፤
አፉ ተከፈተ፤ ቃል ግን ከከንፈሩ አላለፈ።

ማዶ ሲደርስ እጁን ሰደደ፣ እንደ ድሮው፣ የበሩን እጀታ ሽቶ፤
ጎተተ። ስድስት ጥራዝ ኢንሳይክሎፒዲያ
ከእግሩ ሥር ተዘረገፈ፣ አቧራውን አንሥቶ።
"በሩ የታለ?" አለ ቫዣ፣ እየዳሰሰ አየሩን።
"ገና ነው" አለች ናዚብሮላ፤ "ማክሰኞ ነው የምሠራው በሩን።
እስከዚያ እዚያው ቆይ።"